ቦይና የመሰለን ሥር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ለመሥሪያ ቤታችን በረንዳ የሚሆን አትክልት ምረጪ ተብዬ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ችግኝ ሻጮች ዘንድ ቆምኩ። ጽጌረዳ እያየሁ ዞር ስል አንድ ሰፊ ቅጠል ፊቴ ተደቀነ። የልብ ቅርጽ ያለው፣ ከሕፃን ጀርባ የሚሰፋ፣ ዝናብ ላዩ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ የሚንከባለልበት እንጂ የማያረጥበው ቅጠል። ክው አልኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«የዝሆን ጆሮ ነው እህቴ። ጥላና ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ውሰጂው» አለኝ ሻጩ።

«ከነሥሩ ነው?»

«ከነሥሩ ነዋ! ያለ ሥሩ ምን ሊያደርግልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ፣ እሱ ምን ያውቃል። እኔ ያንን ሥር በቀሚሴ ጫፍ ጠቅልዬ በያዝኩበት ቀን አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ደማቸው እየፈሰሰ ነበር። ጽጌረዳውን አስጭኜ ሄድኩ፤ ያንን ግን እጄ አልነካውም።

ያደግኩት ሰበታ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅማ መንገድ የተረፈ ቀን ካለ እኛ ጋ ያድራል። እናቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ቤታችን የተሠራበት ቦታ የጎረቤታችን የኦቦ ቱፋ ጓሮ ነበር። ሚስታቸው አዴ ዲንቂቱ በታመሙ ጊዜ ኦቦ ቱፋ የግቢያቸውን ግማሽ ለአባቴ ሸጡለት። አዴ ዲንቂቱ ግን አልዳኑም። እኛ ግድግዳ ስናቆም እሳቸው ሐዘን ላይ ነበሩ። በመካከላችን የቀረው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ደረታቸው ቢደርስ ነው።

የዚያን ዓመት ዝናብ ሲጀምር ጓሮው ጉድ አፈላ። እኛ ያልተከልነው ነገር ሁሉ በየቦታው ብቅ ብቅ አለ። ጤና አዳሙንና ዳማከሴውን እናውቃለን፤ ሌላውን ማን ይንገረን? አንዱ ቅጠል ሳያወጣ መሬቱን ሰንጥቆ ቡጢ የሚያህል ቀይ አበባ ብቻ ያወጣል። ሌላው ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የረዘመ ነው፤ ሲቆፍሩት ሽንኩርት ይመስላል፣ ሲያሸቱት ያስነጥሳል። በአጥሩ ጥግ ደግሞ፣ የልብስ እጣቢው በሚፈስበት በኩል፣ ያ ባለ ትልቅ ጆሮው በረድፍ ቆሞ ነበር።

እማዬንና እኔን የማን ስም ማን ነው የሚለው ነገር ያዘን። እንግዳ ሲመጣ ገና አረፍ ሳይል ወደ ጓሮ ይወሰዳል። «እስቲ ይሄ ምንድን ነው?» የነፍስ አባታችን ቀዩን አበባ ጎንበስ ብለው አዩና «ገዳም አይቼዋለሁ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልወጣቸውም። የእማዬ የሥራ ባልደረባ «ይሄ እኮ ለስኳር በሽታ ነው» አለች። ሳሩን ብታሳያትም ለስኳር በሽታ ነው የምትል ሴት ናት። አባዬ ብቻ ሁሉንም ባንድ ቃል ገላገለን፦ «አረም!»

አጥሩን ተሻግሮ መጠየቅ ይቻል ነበር። የተከሉት እነሱ ናቸው፤ ኦቦ ቱፋ በየጠዋቱ እዚያው ቆመዋል። ግን በዚያ ዓመት ሰው ሰውን አይጠይቅም ነበር።

አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊወሰድ ነው ይባላል። ተማሪው ወጥቶ ይጮኻል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፤ ማታ ደግሞ የማን ልጅ እንደታሰረ በሹክሹክታ ይወራል። እኔ ማስተር ፕላን የሚሉት ሰው ይመስለኝ ነበር። ካፖርት የለበሰ፣ ሜትር በእጁ የያዘ፣ ፊቱ የማይታይ ረጅም ሰውዬ። በር በተንኳኳ ቁጥር መጣ ብዬ አልጋ ሥር እገባለሁ። ኦቦ ቱፋ ከከተማው በታች የቀረቻቸው አንዲት ማሳ ስለነበረች፣ ሰውዬው መጀመሪያ እሳቸው ጋ እንደሚሄድ አውቄ አዝንላቸው ነበር።

ኦቦ ቱፋ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ላይ ይደገፋሉ። «አከም ቡልተኒ፣ ሃዳ ናቲ?» ይላሉ፤ እንደምን አደሩ የናቲ እናት ማለታቸው ነው። ናቲ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ገና ንግግሩ ያልጠራ። እማዬ መጀመሪያ ላይ «ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ትላቸው ነበር። ወሬው ከመጣ ወዲህ ግን ሰማሁም አልሰማሁም ሳትል ፊቷን አዙራ ትገባለች።

«አየሻቸው?» ትለኛለች በመስኮት። «ዓይናቸው ጓሮው ላይ ነው። የሸጡት መሬት እያንገበገባቸው ነው። ነገ እነዚያን የሚጮኹትን ልጆች ይዘው መጥተው ውጡልኝ ቢሉንስ?»

እውነት መሰለኝ። እማዬ ያለችው ነገር ውሸት ሊሆን እንደሚችል ገና አላወቅኩም ነበር። እሳቸውም መልስ ባያገኙም ሰላምታቸውን አላቋረጡም። ይኼ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራን።

ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ታደለች ተከራይታ ትኖር ነበር። ከወላይታ የመጣች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ጨው ስትበደሪያት እንኳ «ጌታ ይባርክሽ» የምትል ልጅ። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሽ ስለምትገባ ጓሯችንን በብርሃን አይታው አታውቅም። እሑድ ከጸሎት ስትመለስ ናቲን አዝላው በሰፈሩ ውስጥ ትዞራለች። ናቲ ከእማዬ ጀርባ ይልቅ የታዱን ጀርባ ይመርጥ ነበር።

ከዚያ አድማው መጣ። ከቤት አትውጡ ተባለ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ጠፋ፣ ሱቅ ተቆለፈ፣ ገበያ ቀረ፣ ፋብሪካውም ቆመ። አባዬ ጅማ ቀረ፤ ስልኩም አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። መጀመሪያ ዘይቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ ጤፉ የቆርቆሮውን ቂጥ አሳየን። ጓሮ የነበረንን ጎመን እስከ እንብርቱ ቀንጥሰን በላነው።

ታደለች ሥራ ፈታ አንድ ቀን ጓዳችንን ስትጠርግ ዋለችና ውኃ ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ጩኸቷን ስሰማ ማስተር ፕላን የመጣ መሰለኝ።

«ቦይና! ጌታ ሆይ፣ ቦይና እያላችሁ ነው የምትራቡት?»

እማዬ እየሮጠች ወጣች። «ምንድን ነው ቦይና?»

«እናንተ ጎደሬ የምትሉት! ሥሩ ነው የሚበላው። እኛ አገር በዚህ ነው ያደግነው።»

«እርግጠኛ ነሽ ታዱ?»

«እንዴ! እናቴ ካጠባችኝ በኋላ ያጎረሰችኝ እኮ ይሄንን ነው!»

እማዬ ፊቷ በራ። ስንት ጊዜ ስንጠይቅ የቆየነው ነገር ስም አገኘ፤ ያውም የሚበላ ስም። ታደለች ቀሚሷን ሰብስባ ቆፈረች። ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ቡጢ የሚያህል ድቡልቡል ሥር ወጣ። እጇን እያከከች «አይዟችሁ፣ ጥሬው ያሳክካል፣ ሲቀቀል ይተዋል» አለችን። ቀቀለችው፣ ላጠችው፣ በሚጥሚጣ አቀረበችው። እኔ ሽታው አስጠልቶኝ አኩርፌ ነበር። ታደለች ለራሷ ሳትቆርስ፣ እፍ እፍ ብላ አብርዳ፣ መጀመሪያ ናቲን አጎረሰችው።

ናቲ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻል ነበር። አፉን ከፈተ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁን ወደ ጉሮሮው ላከ። ምራቁ በአገጩ ወረደ። ታደለች «ትንሽ ሳይበስል ቀርቶ ነው፣ ያልፋል፣ ቦይና እንዲህ ያደርጋል» እያለች ራሷም ቀመሰችው። ከዚያ ከንፈሯን ያዘች። ፊቷ አመድ ሲሆን አየሁት።

«አይደለም» አለች። «አይደለም፣ አይደለም፣ ቦይና አይደለም!»

የናቲ ምላስ አፉ አልችለው አለ። ትንፋሹ ሲር ሲር ይል ጀመር። እማዬ ብድግ አድርጋው ያንን ስንት ቀን ቆልፋው የከረመችውን በር በርግዳ ወጣች፤ ጫማ አላደረገችም። «የሰው ያለህ!» ስትል መጀመሪያ የደረሱላት ኦቦ ቱፋ ናቸው። «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አሏትና መልሱን ሳይጠብቁ ልጁን ከእጇ ተቀበሉ። ቁልቁል ሲሮጡ ጋቢያቸው ከኋላቸው ይጎተት ነበር። መንገዱ ላይ ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች ሲያዩዋቸው ተነሡ። «ከራ በና!» ብለው ኦቦ ቱፋ ጮኹባቸው፤ መንገድ ክፈቱ ማለታቸው ነው። ወጣቶቹ ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ፤ አንዱም ናቲን ተቀብሎ እስከ ጤና ጣቢያው በረረ። ይኼን ሁሉ በኋላ ከእማዬ ነው የሰማሁት።

እኔ ከታደለች ጋር ቤት ቀርቼ ነበር። ከንፈሯ አብጦ መናገር አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትመታለች። ኦቦ ቱፋ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ።

«ሲስተሯ የበላውን አምጡ አለች፤ ሳላውቀው ምን ልስጠው አለች። የቱ ነው ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። የተቆፈረውን አፈር፣ የተጣለውን ቅጠል አዩ። ከተጣሉት ቅጠሎች አንዱን አንሥተው አፈሩን ጠረጉለት፤ ለሲስተሯ ሊወስዱት ነው ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ተንበርክከው በጥንቃቄ፣ አፈሩን እየገፉ፣ አንድ ሥር ነቀሉና ቅጠሉን ቆርጠው በጋቢያቸው ውስጥ ያዙት። እኔም ናቲ ጋ ካልሄድኩ ብዬ ጋቢያቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ወጣቶቹ የሉም። ወታደር የጫነ መኪና ቆሟል፤ ገና መውረዳቸው ነው፤ መንገዱ ላይ የተቃጠለው ጎማ ይጨሳል። «ቁም!» አለ አንዱ። ቆሙ። «ጋቢው ውስጥ ምንድን ነው? እጅ ወደ ላይ!»

ኦቦ ቱፋ እንደተባሉት አደረጉ። ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። በቀኝ እጃቸው ያ ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ጭራ ያለው ሥር አለ።

«ቦምብ!» ብሎ ማን እንደጮኸ አላውቅም። ጥይት ጮኸ። ኦቦ ቱፋ ጭናቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ወደቁ አልልም፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጡት። ሥሩ ከእጃቸው አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለና ወታደሮቹ ፊት ቆመ። ሁሉም መሬት ላይ ተደፉ። ያ ሁሉ መሣሪያ የያዘ ሰው ፊቱን አስፋልት ላይ ደፍቶ ሳይ ሰማይ የተገለበጠ መሰለኝ።

ምንም አልፈነዳም። እኔ ሄድኩና በቀሚሴ ጫፍ አነሳሁት።

«አንቺ! ጣይው!»

«በቀሚሴ ነው የያዝኩት፣ ያሳክካል» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። «ወንድሜ የበላው ነው። ለሲስተር ልናሳያት ነው።»

አንዱ ወታደር ቀስ ብሎ ተነሣና መጣ። ገና ጺም ያላበቀለ ነው። ቀሚሴን ገልጦ አየ። መሣሪያው ከትከሻው ወረደ።

«ይሄ እኮ...» አለ። አነጋገሩ ቁርጥ ታደለች ነው። «ይሄ እኮ ቦይና ነው! እኛ አገር የሚበላ!» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ቦይና ይዘው ነው እኮ ሽማግሌው!»

«አይደለም!» ብዬ ጮኽኩበት። «ይመስላል እንጂ አይደለም! ሁላችሁም ቦይና ትላላችሁ፣ አይደለም!» ከዚያ ነው ልቅሶዬ የመጣው።

ኦቦ ቱፋን ያው ልጅ ተሸክሟቸው ነው ጤና ጣቢያ የገባነው። ደማቸው በወታደሩ ጀርባ ይወርዳል፣ እኔ ሥሩን ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። በሩን ስንከፍት ናቲ አልጋ ላይ ተቀምጦ ወተት ይጠጣል። ሲስተሯ እኛን መጠበቅ ፈርታ መርፌውን ወግታው፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ትንፋሹ ተመልሶ ነበር። ሥሩ አላስፈለገም። የእማዬን ፊት ያን ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ልጄ ተረፈልኝ ብላ በጀመረችው ፈገግታ ላይ ኦቦ ቱፋን አየቻቸው።

«ልጁስ?» አሉ እሳቸው። «ጠጣ? ጎበዝ።» ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ፤ አምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ሥሩን ለሲስተሯ ሰጠኋት። ሌላ ምን አደርገዋለሁ?

እማዬ በማግሥቱ ዶማ አነሳች። ያንን ባለ ጆሮ ተክል አንድም ሳታስቀር ነቀለችው፣ ላምባ አርከፍክፋ አቃጠለችው። ታደለች ከእሷ ብሳ ትቆፍር ነበር፤ ጸጉር የምታህል ሥር እንኳ አላለፈችም። እርጥብ ቅጠል ስለሆነ ጭሱ ቀኑን ሙሉ ግቢውን አልለቀቀም። እኔ ደስ አለኝ። ጠላታችንን ያጠፋን ነበር የመሰለኝ።

መስቀል አልፎ አንድ ጠዋት የክራንች ድምፅ ሰማን። ኦቦ ቱፋ ከሆስፒታል ገብተዋል። ከስተዋል፣ ግን ቆመዋል። እማዬ እያለቀሰች ልትስማቸው ወጣች። እሳቸው ግን አጥሩን ተደግፈው ጓሮውን ነው የሚያዩት። ባዶውን አፈር። አዩ፣ አዩና አጥሩን ጨበጡት።

«የዲንቂቱስ?» አሉ።

«ምን አሉ ኦቦ ቱፋ?»

«ዲንቂቱ የተከለችው። ስሙን እኔም አላውቀው፤ ከወንዝ ዳር አምጥታ ነው፣ ቅጠሉ ደስ ስላላት። ስትታመም አልጋዋን በመስኮት በኩል አዙሩልኝ፣ እሱን ልይ አለች።» በክራንቹ ወደ ባዶው ጥግ አመለከቱ። «ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ። እሷን ያየሁ ይመስለኛል።»

እማዬ ክው አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ... መሬቱን ነበር የመሰለኝ» አለች። «መሬቱን የሚያዩ ነበር የመሰለኝ! ወይኔ ጉዴ! ምን አደረግኩ?»

«ልጅሽን ሊገድልብሽ ነበር። እኔም ብሆን እነቅለው ነበር» አሉ። የሚያሳዝነው ከልባቸው መሆኑ ነው። ታደለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች።

«ሲስተር ጋ አለ!» አልኩ። ሁሉም ዞሩብኝ። «አንዱ ሲስተር ጋ ነው! ኦቦ ቱፋ የያዙት!»

እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ጫማ ስትሮጥ አየኋት። ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ውኃ ተደርጎለት ተቀምጦ ነበር። «ስሙን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ላሳየው ብዬ ነው» አለች ሲስተሯ። የተጠቀለለ አረንጓዴ ቅጠል ከላዩ ላይ አውጥቷል። ያ ሁሉ ነዶ፣ ሰው የተተኮሰበት እሱ ብቻ ተርፏል።

እማዬ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው። አልተቀበሉም። «እዚያው ትከሉት» አሉ። «እሷ የመረጠችው ቦታ እዚያ ነው።» ናቲ እንዳይደርስበት ዙሪያውን በሽቦ አጠርነው። ታደለች አፈሩን ስትጫነው ኦቦ ቱፋ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታደለች!»

«አቤት አባባ።»

«ይሄ ቦይና አይደለም፣ እሺ?»

ታደለች በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ በዚያ ዓመት በግቢያችን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የክራንቹ ድምፅ ሲመጣ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ከፍታ፣ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኦቦ ቱፋ ብቅ ከማለታቸው «አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቱፋ?» አለቻቸው፣ ቀድማ።

በተራቸው እሳቸው ክው አሉ።